የታወቁ ነገሮች ቅልቅል መቼ ፈጠራ ይሆናል? የማስቲካ መሠረት አመራረት ለፓተንት አመልካቾች የሚሰጠው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ይፋ አድርገዋል። በጥናቱ መሠረት አንድ ግራም ማስቲካ ሲታኘክ በአማካይ 100 ያህል ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ወደ ምራቅ ይለቃል፤ በአንዳንድ ናሙናዎች ቁጥሩ እስከ 600 ደርሷል። የተመረመሩት ናሙናዎች ከሰው ሠራሽ ፖሊመር የተሠሩትንም ሆነ ከተፈጥሮ ሙጫ ተሠሩ የተባሉትን ያካተቱ ሲሆን፣ ሁለቱም ዓይነቶች ቅንጣቶችን መልቀቃቸው ተገልጿል። ጥናቱ በናሙና ቁጥር አነስተኛ ነው፤ የጤና ጉዳት ስለመድረሱም ያረጋገጠው ነገር የለም። ሆኖም ማስቲካ ከምን እንደሚሠራና በምን ዓይነት ሂደት እንደሚመረት የሚነሳውን ጥያቄ ወደ አደባባይ አውጥቶታል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር አዳዲስ የአመራረት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንዱ የቆየውን የተፈጥሮ ሙጫ በዘመናዊ መሣሪያ ለማምረት ያስባል፤ ሌላው በፕላስቲክ ኢንዱስትሪ የታወቀ መሣሪያን ወደ ማስቲካ ሥራ ለማምጣት ይሞክራል። ከዚያም ሐሳቡ ፓተንት ይገባዋል ወይስ በሙያው ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ሊደርስበት የሚችል ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ይህ መመዘኛ በብዙ አገሮች ሕግ «በግልጽ የሚገመት አለመሆን» ወይም «የፈጠራ ብቃት» በሚል ይታወቃል። በኢትዮጵያ ሕግም ፓተንት ለማግኘት መሟላት ካለባቸው ሦስት ዋና ዋና መስፈርቶች አንዱ ነው።

ከሦስቱ መስፈርቶች ለአመልካቾች እጅግ አስቸጋሪው ይኸው ነው። አንድ ነገር አዲስ መሆኑን ሰነዶችን አገላብጦ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በኢንዱስትሪ ሊሠራ መቻሉን በተግባር ማሳየት ይቻላል። አዲስ የሆነው ነገር ለባለሙያ የማይገመት መሆኑን ማሳየት ግን ማስረጃና ጥንቃቄ የተሞላበት አቀራረብ ይጠይቃል። የማስቲካ መሠረት አመራረት ታሪክ ይህን መመዘኛ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ በዘርፉ የሚገኙት ንጥረ ነገሮችና መሣሪያዎች በአብዛኛው የታወቁ በመሆናቸው፣ ክርክሩ ሁሉ የሚያተኩረው በአቀነባበራቸው ላይ ነውና።

የማስቲካ መሠረት ምንድን ነው?

ማስቲካ ሲታኘክ ስኳሩና ጣዕሙ በምራቅ ሟሙቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በአፍ ውስጥ የሚቀረው፣ በምራቅ የማይሟሟውና የሚለጠጠው ክፍል የማስቲካ መሠረት ይባላል። ቀድሞ ይህ ክፍል በአብዛኛው ይዘጋጅ የነበረው በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅለው የሳፖዲላ ዛፍ ከሚገኘው ቺክሌ ከተሰኘ ሙጫ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ቦታውን በስፋት ይዘዋል። ዛሬ በብዛት በሥራ ላይ የሚውሉት እንደ ፖሊአይሶቡቲሊንና ስታይሪን ቡታዳይን ያሉ ጎማ መሰል ፖሊመሮች፣ ፖሊቪኒል አሲቴት፣ ከጥድ ሙጫ የሚገኙ ሬዚኖች፣ ስብና ሰም፣ እንዲሁም እንደ ካልሲየም ካርቦኔትና ታልክ ያሉ የዱቄት ማዕድናት ናቸው።

የአመራረቱ ዋና ችግር እነዚህን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ነገሮች አንድ ወጥ ውህድ ማድረግ ነው። ጎማው ደረቅና ጠንካራ በመሆኑ በኃይል ተፈጭቶና ሞቆ መላላት አለበት። ስቡ ወይም ሌላው ማለስለሻ በብዛት ቀድሞ ከገባ ጎማው በመሣሪያው ውስጥ ይንሸራተታል፤ መፈጨቱ ቀርቶ ጓል ሆኖ ይቀራል። ማለስለሻው እጅግ ካነሰ ወይም ከዘገየ ደግሞ ፍትጊያው ሙቀቱን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ጎማውም ባሕርዩን ያጣል። ስለዚህ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የሚገቡበት ቅደም ተከተል፣ የቅልቅሉ ኃይልና ሙቀቱ ውጤቱን ይወስናሉ። የፓተንት ክርክሮች የሚነሱትም በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ነው።

በተለመደው ዘዴ ሥራው የሚከናወነው ጠማማ ምላሶች ባሉት ትልቅ መቀላቀያ ቋት ውስጥ በየዙሩ ነው። ሠራተኛው ንጥረ ነገሮቹን በየተራ እየጨመረ ለሰዓታት ያቀላቅላል፤ ከዚያም ቋቱን አራግፎ ሌላ ዙር ይጀምራል። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም ጊዜ ይወስዳል፤ የአንዱ ዙር ምርት ከሌላው ዙር ምርት ሊለይም ይችላል። በአንድ በኩል ጥሬ ዕቃ ያለማቋረጥ የሚገባበት፣ በሌላ በኩል ምርት ያለማቋረጥ የሚወጣበት ዘዴ ለአምራቾች ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መመዘኛው ከየት መጣ?

በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ የማስቲካ ፓተንቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1869 ለዊሊያም ሴምፕል ተሰጥቷል። የፓተንቱ ፍሬ ነገር ጎማን ከሌሎች ነገሮች ጋር ቀላቅሎ የሚታኘክ ነገር ማዘጋጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ደግሞ ቶማስ አዳምስ በቺክሌ ላይ የተመሠረተ ማስቲካን የሚመለከት ፓተንት አግኝቷል። ዘርፉ ከጅምሩ የታወቁ ነገሮችን በማቀላቀል ላይ የቆመ መሆኑ ከእነዚህ ሁለት ሰነዶች ይታያል።

የታወቀን ነገር በታወቀ ነገር መተካት ብቻውን ፓተንት እንደማያሰጥ ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ወስኖ ነበር። ጉዳዩ የበር እጀታን ይመለከታል። እጀታው ቀድሞ ከእንጨትና ከብረት ይሠራ ስለነበር፣ በሸክላ መተካቱ የማንኛውም ጎበዝ የእጅ ባለሙያ ሥራ እንጂ ፈጠራ አይደለም ተብሏል። ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የአሜሪካ ፓተንት ሕግ ውስጥ በግልጽ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥያቄው የሚመረመርበትን ሥርዓት አስቀመጠ። በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ ቀድሞ የታወቀው ዕውቀት ይለያል፤ ቀጥሎ በዚያ ዕውቀትና በቀረበው ፈጠራ መካከል ያለው ልዩነት ይመረመራል፤ ከዚያም በሙያው የተለመደ ችሎታ ያለው ሰው የዕውቀት ደረጃ ይታያል። ከእነዚህ በተጨማሪ የንግድ ስኬት፣ ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ የቆየ ችግር መፈታቱና ሌሎች ሞክረው አለመሳካታቸው እንደ አጋዥ ማስረጃ ሊቀርቡ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤቱ መመዘኛውን ይበልጥ አጠበቀው። በዚያ ውሳኔ መሠረት በሙያው የተለመደ ችሎታ ያለው ሰው መመሪያ እየተከተለ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ የራሱን ማስተዋልም ይጠቀማል። በመሆኑም የታወቁ ነገሮች ተቀናጅተው እያንዳንዳቸው የተለመደ ሥራቸውን ብቻ ከሠሩና ውጤቱም የሚጠበቀው ከሆነ፣ ቅንጅቱ በግልጽ የሚገመት ይሆናል። አንድን ችግር ለመፍታት ያሉት አማራጮች ጥቂትና የታወቁ ከሆኑም፣ ከእነርሱ አንዱን መሞከር በራሱ ፈጠራ አይባልም።

ከቋት ወደ ቀጣይ ምርት

ይህ መመዘኛ በማስቲካ መሠረት አመራረት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት በዘርፉ የተሰጡ የአሜሪካ ፓተንቶችን በተሰጡበት ጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተሰጠው ፓተንት ቁጥር 3,995,064 የማስቲካ መሠረትን በተከታታይ መቀላቀያዎች ወይም ቅልቅሉ ሊለዋወጥ በሚችል አንድ መቀላቀያ ያለማቋረጥ ማምረትን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተሰጠው ቁጥር 4,459,311 ሥራውን ለሁለት መቀላቀያዎች ያከፋፍላል። በመጀመሪያ ጎማው ከዱቄት ማዕድኑ ጋር በከፍተኛ ኃይል ይላላል፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች በመካከለኛ ኃይል ይቀላቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሰጠው ቁጥር 4,968,511 ደግሞ የተወሰኑ የቪኒል ፖሊመሮች በጥቅም ላይ ከዋሉ መሠረቱን ለብቻ ሳያዘጋጁ ማስቲካውን በአንድ ደረጃ መሥራት እንደሚቻል አመልክቷል።

ከእነዚህ በኋላ ሪግሊ የተባለው ኩባንያ ተከታታይ ፓተንቶችን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰጠው ቁጥር 5,397,580 ጎማውን ሰባብሮ የሚበትን መቀላቀያንና የተበተነውን በእኩል የሚያዳርስ መቀላቀያን አከታትሎ መጠቀምን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተሰጠው ቁጥር 5,543,160 ደግሞ ከመሠረቱ ጀምሮ ማስቲካውን በሙሉ በአንድ ከፍተኛ ቅልጥፍና ባለው ቀጣይ መቀላቀያ ውስጥ ማምረትን ይመለከታል።

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ከ1976 በኋላ «የማስቲካ መሠረትን በቋት ፋንታ በቀጣይ መሣሪያ አመርታለሁ» የሚል ሐሳብ ብቻውን ለፓተንት በቂ ሊሆን አለመቻሉ ነው። ያ ሐሳብ ለሕዝብ ተገልጿል። በመሆኑም ከዚያ በኋላ የመጡ አመልካቾች ጥያቄያቸውን ጠበብ ወዳለ ነጥብ ማውረድ ነበረባቸው፤ የትኛው ንጥረ ነገር በየትኛው የመሣሪያው ክፍል ይገባል፣ ማለስለሻው በስንት ቦታ ተከፋፍሎ ይጨመራል፣ የመበተኑ ሥራ የት አብቅቶ የማዳረሱ ሥራ የት ይጀምራል የሚሉትን በዝርዝር መመለስ ይጠበቅባቸዋል።

ሁለተኛው፣ የጠበበ ጥያቄም ቢሆን ከክርክር የማያመልጥ መሆኑ ነው። መርማሪው ባለ ሁለት ብሎን ኤክስትሩደር በፕላስቲክና በምግብ ኢንዱስትሪ የታወቀ መሣሪያ መሆኑን፣ ጠንካራ ጎማን አስቀድሞ ማላላትም ከ1984ቱ ሰነድ የሚታወቅ መሆኑን ጠቅሶ፣ ሁለቱን ማገናኘት ለባለሙያው የሚታይ እርምጃ ነው ሊል ይችላል። አመልካቹ በበኩሉ ንጥረ ነገሮቹ በአንድ መሣሪያ ውስጥ በደቂቃዎች ሲያልፉ፣ በቋት ውስጥ በሰዓታት የሚስተካከለው ስሕተት ሊስተካከል እንደማይችል ሊያስረዳ ይችላል። ባለሙያው ከዚህ የተነሳ ጓል የበዛበት ምርት ይጠብቅ እንደነበር፣ የተመረጠው ቅደም ተከተል ግን ወጥ ምርት እንዳስገኘ ካሳየ ክርክሩ ክብደት ያገኛል። አሳማኝነቱን የሚወስነው የተነገረው ቃል ሳይሆን የቀረበው የሙከራ ውጤት ነው።

ለመርማሪውም የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ መፍትሔ ከተገኘ በኋላ ቀላል መስሎ ይታያል። ፈጠራውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የቆዩ ሰነዶችን ሰብስቦ ወደ ፈጠራው የሚያደርስ መንገድ መሥራት አይቸግረውም። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት የነበረው ባለሙያ፣ ፈጠራውን ሳያውቅ፣ እነዚያን ሰነዶች ለማገናኘት ምክንያት ነበረው ወይ የሚለውን ነው። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ይህን አደጋ ለመቀነስ የራሱን አሠራር ይከተላል። በመጀመሪያ ለፈጠራው እጅግ ቅርብ የሆነውን ቀዳሚ ሰነድ ይመርጣል፤ ቀጥሎ ፈጠራው ከዚያ ሰነድ አንጻር የፈታውን ቴክኒካዊ ችግር ይለያል፤ በመጨረሻ ባለሙያው ያንን ችግር ለመፍታት ሲነሳ ወደ ፈጠራው በእርግጥ ያመራ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሊያመራ መቻሉ ብቻ በቂ አይሆንም።

የ2012ቱ ፍርድ

መመዘኛው በማስቲካ ዘርፍ በፍርድ ቤት የተፈተነበት የታወቀ ጉዳይ በሪግሊና በካድበሪ አዳምስ ኩባንያዎች መካከል የተደረገው ክርክር ነው። ጉዳዩ ከመሠረቱ አመራረት ይልቅ ወደ ማስቲካው የሚጨመሩትን ቀዝቃዛ ስሜት ሰጪ ንጥረ ነገሮች ይመለከታል። የተነሳው የሕግ ጥያቄ ግን ያው ነው። ሜንቶል አፍን የሚያቀዘቅዝ የታወቀ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ይመራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊልኪንሰን ሶርድ በተባለ ኩባንያ የተደረገ ምርምር ደብሊውኤስ-3 እና ደብሊውኤስ-23 የተሰኙ ሌሎች አቀዝቃዥ ንጥረ ነገሮችን አስገኝቶ ነበር። የካድበሪ ፓተንት ሜንቶልን ከደብሊውኤስ-3 ጋር፣ የሪግሊ ፓተንት ደግሞ ሜንቶልን ከደብሊውኤስ-23 ጋር በማስቲካ ውስጥ የሚያጣምሩ ነበሩ።

የአሜሪካ ፌዴራል ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2012 በሰጠው ውሳኔ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ክስ ተረተዋል። የሪግሊ ፓተንት አከራካሪ ክፍል ዋጋ የሌለው ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ አቀዝቃዦች በተመሳሳይ ዓላማ እንደሚያገለግሉ በሙያው ጽሑፎች ቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ አንዱን በሌላው ተክቶ ከሜንቶል ጋር ማጣመር ለባለሙያው የሚገመት እርምጃ ነው ተብሏል። ሪግሊ ያልተጠበቀ ውጤትና የንግድ ስኬት መኖሩን ቢያነሳም፣ ማስረጃው በአብላጫው ዳኞች ዘንድ በቂ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ምርት በብዛት መሸጡ ብቻውን አይበቃም፤ ሽያጩ የመጣው ከማስታወቂያ፣ ከንግድ ስም ወይም ከሌላ ነገር ሳይሆን ከተጠየቀው ፈጠራ መሆኑ መታየት አለበት። ከዳኞቹ አንዷ በከፊል የልዩነት ሐሳብ ማስፈራቸው ደግሞ ጥያቄው ልምድ ባላቸው ዳኞች መካከልም የሚያከራክር መሆኑን ያሳያል።

ካድበሪ በበኩሉ ሪግሊ መብቴን ጥሷል ሲል ያቀረበው ክስ አልተሳካለትም። የካድበሪ ፓተንት ጥበቃ የጠየቀው ደብሊውኤስ-3ን ለያዘ ጥምረት ስለነበር፣ ደብሊውኤስ-23ን ለያዘው ምርት አልደረሰም። ስለዚህ የጥበቃ ወሰኑ ከሚገባው በላይ ከሰፋ በታወቀ ነገር ላይ ይወድቃል፤ ከሚገባው በላይ ከጠበበ ደግሞ ተወዳዳሪ በጎን ያልፈዋል። ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

የፈጠራ ብቃት መመዘኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት ፓተንት በአውሮፓ ተሰጥቶ ለዓመታት ብዙ ቅሬታ ማስነሳቱ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የነበረውን ፓተንት የሻረው የፈጠራ ብቃት ይጎድለዋል በሚል ምክንያት ነው። በዚያ ጉዳይ መመዘኛው የታወቀ ነገር በአንድ ባለመብት እጅ ተይዞ እንዳይቀር አድርጓል። ይኸው መመዘኛ ታዲያ ኢትዮጵያዊ ፈጣሪ በአገሩ ወይም በውጭ በሚያመለክትበት ጊዜም በእኩል ይሠራል።

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንድ ፈጠራ ፓተንት የሚሰጠው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራ የሚችል ሲሆን መሆኑን ይደነግጋል። ቀድሞ የታወቀ ዕውቀት የሚባለውም ከማመልከቻው ቀን በፊት በማንኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፣ በቃል፣ በአጠቃቀም ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ የተገለጸውን ሁሉ ያጠቃልላል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ የውጭ አገር ፓተንት በኢትዮጵያ መብት ባይፈጥርም፣ አንድ ማመልከቻ አዲስ ስለመሆኑና የፈጠራ ብቃት ስለመያዙ በሚደረገው ምርመራ ግን እንደ ማስረጃ ይቀርባል። በአንድ አካባቢ ሕዝብ ዘንድ በልማድ የሚሠራበት ዘዴም እንዲሁ ነው።

ይህን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። ኢትዮጵያ ዕጣንና የግራር ሙጫ ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ መሆኗ ይታወቃል። አንድ አመልካች ከአገር ውስጥ ሙጫ የማስቲካ መሠረት አዘጋጅቻለሁ ብሎ ቢነሳ፣ በቅድሚያ የጥሬ ዕቃውን ባሕርይ ማየት ይኖርበታል። የግራር ሙጫ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በምራቅ የማይሟሟውን መሠረት ሊተካ አይችልም፤ ማስቲካን ለመሸፈን ማገልገሉ ደግሞ የታወቀ ነው። ዕጣን በበኩሉ በውኃ የሚሟሟ ክፍልም የማይሟሟ ሬዚንም አለው። አመልካቹ «ዕጣንን አቅልጬ ከስኳር ጋር ቀላቀልኩ» ብቻ ቢል፣ የዛፍ ሙጫን ማኘክም ሆነ ሬዚንን በማስቲካ መሠረት ውስጥ መጠቀም ከጥንት የታወቁ በመሆናቸው ጥያቄው ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን ሬዚኑን በተወሰነ ሙቀትና ቅደም ተከተል ለይቶ፣ ባለሙያ ይሰበራል ብሎ የሚጠብቀው ውህድ የመለጠጥ ባሕርዩን ጠብቆ እንዲቆይ ያደረገ ዘዴ ቢያገኝና ይህንንም በንጽጽር ሙከራ ቢያሳይ፣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አመልካቾች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ዝግጅቶች

ማመልከቻ ለማቅረብ የሚያስቡ ዜጎች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ከማውጣታቸው በፊት የሚከተሉትን ቢያሟሉ ይጠቀማሉ።

1. ቀዳሚ ሰነዶችን መፈለግ። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት «ፓተንትስኮፕ» እና የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት «ኤስፓስኔት» የተባሉት የመረጃ ቋቶች ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ፍለጋው በራስ ዘርፍ ብቻ መወሰን የለበትም። የማስቲካው ምሳሌ እንደሚያሳየው የፕላስቲክ ወይም የምግብ መሣሪያ ሰነድም ሊጠቀስ ይችላል።

2. እጅግ ቅርብ የሆነውን ሰነድ መርጦ ልዩነቱን በጽሑፍ ማስፈር። ልዩነቱ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር በግልጽ ሊነገር ካልቻለ ማመልከቻው ገና አልደረሰም ማለት ነው።

3. የንጽጽር ሙከራ ማካሄድ። አዲሱ ዘዴ በተመሳሳይ ጥሬ ዕቃና ሁኔታ ከነባሩ ዘዴ ጋር ተወዳድሮ፣ ውጤቱ በቁጥር ሊመዘገብ ይገባል። «የተሻለ ነው» የሚል ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

4. ያልተሳኩ ሙከራዎችንም መዝግቦ መያዝ። ብዙ ፈጣሪዎች ያልተሳካውን መዝገብ ይጥሉታል። የተለመደው መንገድ ተሞክሮ አለመሥራቱን የሚያሳይ መዝገብ ግን መፍትሔው በቀላሉ የሚገመት እንዳልነበረ ለማስረዳት ይረዳል።

5. የጥበቃ ወሰኑን በደረጃ መጻፍ። ሰፋ ካለው አጻጻፍ ጀምሮ ሙቀትን፣ መጠንንና ቅደም ተከተልን እየዘረዘሩ ወደ ጠባቡ መውረድ፣ ሰፊው ውድቅ ቢሆን እንኳ ጠባቡ እንዲተርፍ ያስችላል።

6. ከማመልከት በፊት ፈጠራውን ለሕዝብ አለመግለጽ። በዐውደ ርዕይ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በገበያ ላይ የወጣ ነገር በፈጣሪው ላይ መልሶ ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል።

7. ገለጻውን የተሟላ ማድረግ። በሙያው የሠለጠነ ሰው ገለጻውን አንብቦ ፈጠራውን ሊሠራው መቻል አለበት። ዋናውን ነገር ደብቆ ፓተንት መጠየቅ አይቻልም።

መመዘኛውን ላላለፉ ሥራዎች ያሉ አማራጮች

የፈጠራ ብቃት መመዘኛን አለማለፍ ሥራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራዎች የተለየ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ለዚህም ሥራው አዲስና በኢንዱስትሪ ሊሠራ የሚችል መሆኑ ይጠየቃል፤ የፈጠራ ብቃት መስፈርት ግን አይጠየቅበትም። የጥበቃው ጊዜ 5 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ለፓተንት የሚሰጠው ጥበቃ ደግሞ 15 ዓመት ሆኖ፣ በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥ በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ብዙዎቹ የአመራረት ማሻሻያዎች ከጅምሩ በአነስተኛ ፈጠራ ቢቀርቡ አመልካቹን ከአላስፈላጊ ክርክርና ወጪ ያድኑታል። በውጭ አገር ፓተንት ያገኘና ጊዜው ያላለፈበት፣ በኢትዮጵያ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን አምጥቶ በሥራ ላይ ለማዋል ለሚፈልግ ሰውም አዋጁ አስገቢ ፓተንት የሚባል ሥርዓት ዘርግቷል።

ከዚህም ሌላ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ፓተንቶች ለማንኛውም ሰው ክፍት ናቸው። ከላይ የተጠቀሱት ከ1976 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የተሰጡ የማስቲካ አመራረት ፓተንቶች የጥበቃ ጊዜ አብቅቷል። በሰነዶቹ ውስጥ የተዘረዘሩትን ዘዴዎች፣ የሙቀት መጠኖችና የአጨማመር ቅደም ተከተሎች ለእነዚያ ፓተንቶች ባለቤቶች ክፍያ ሳይፈጽም መጠቀም ይቻላል፤ ከእነርሱ በኋላ የተሰጡና ጊዜያቸው ያላለፈ ማሻሻያዎችን ለይቶ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ለአነስተኛ አምራች አዲስ ፓተንት ከመጠየቅ ይልቅ የቆየውን ሰነድ በሚገባ ማንበብ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

መመዘኛው ሁለት ጥቅሞችን ሚዛን ለመጠበቅ የቆመ ነው። በአንድ በኩል ደክሞ አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲጠቀም ያደርጋል፤ በሌላ በኩል የሁሉም የሆነ የሙያ ዕውቀት በአንድ ሰው ስም እንዳይታጠር ይከላከላል። ከ1869 ጀምሮ በማስቲካ ላይ የቀረቡት ማመልከቻዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የታወቁ ነገሮችን የሚያቀላቅሉ ነበሩ። ጸንተው የሚቆሙት ቅልቅሉ ባለሙያው ከጠበቀው የተለየ ውጤት ማስገኘቱን በማስረጃ ያሳዩት ናቸው። ማመልከቻ የሚያቀርቡ ዜጎችም ሥራቸውን በዚህ መለኪያ አስቀድመው ከመዘኑ በኋላ፣ የትኛው የጥበቃ ዓይነት እንደሚስማማቸው፣ በወቅቱ በሥራ ላይ ያለውን የክፍያ መጠንና ተፈላጊ ሰነዶችን ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቀው መረዳት ይገባቸዋል።